ለሎጎ ሐይቅ ሽርሽር ከሁለት የፋይበርግላስ ጀልባዎች የቱን ልግዛ?

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁ። በእረፍት ቀናት ከባለቤቴ፣ ከሦስት ልጆቼና ከእናቴ ጋር ሎጎ ሐይቅ ላይ የምንንሸራሸርበት ያገለገለ የሞተር ጀልባ ልገዛ አስቤ ሁለት አይቻለሁ። አንደኛው 4.2 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነና ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ቱ ስትሮክ ሞተር የተገጠመለት ነው፤ ሁለተኛው 5 ሜትር ይረዝማል፣ ሆዱ የሾለ ነው፣ ሞተሩም ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ፎር ስትሮክ ነው። ትንሹ በዋጋ ይረክሳል። እናቴ ውኃ ስለሚፈሩ የማይናወጥ ጀልባ ብመርጥ ደስ ይለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፣ ከደሴ

እኔ ብሆን ትንሹን እወስዳለሁ። ትልቁ ከነሞተሩና ከነተሳቢው 700 ኪሎ ግራም ሊጠጋ ስለሚችል፣ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን የሐረጎ ዳገት ሲወጡ የመኪናዎን ሞተር፣ ሲመለሱ ደግሞ ፍሬንዎን ይፈትነዋል። በዚያ ላይ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር በሙሉ ኃይሉ ከሄደ በሰዓት ከ10 ሊትር በላይ ቤንዚን ይጠጣል።

መልስ፣ ከሐይቅ ከተማ

የደሴው ወንድሜ ስለ መንገዱ የተናገሩት እውነት ነው፤ ነገር ግን ስድስት ሰው በ4.2 ሜትር ጀልባ መጫን፣ ያውም ጥልቀቱ 80 ሜትር ገደማ በሚደርስ ውኃ ላይ፣ አልስማማበትም። ጠፍጣፋ ሆድ ያለው ጀልባ ቆሞ ሳለ አይናወጥም፤ ንፋስ ተነሥቶ ማዕበል ሲመጣ ግን ውኃውን በጥፊ እየመታ ስለሚሄድ እናትዎን ይበልጥ የሚያስፈራቸው እርሱ ነው። የሾለው ማዕበሉን ይሰነጥቀዋል። ስንት ሰውና ስንት ኪሎ እንደሚችል የሚገልጽ ሰሌዳ ጀልባው ላይ ካለ ከሁሉ አስቀድመው እርሱን ያንብቡ።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ (መካኒክ ነኝ)

ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ አየሩ ስስ ሆኖ እንዲህ ያለ የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ስለዚህ 15ቱን እንደ 12፣ 40ውን እንደ 32 አድርገው ይቁጠሩት፤ ስድስት ሰው ጭኖ 12 ፈረስ ጉልበት ይንፏቀቃል። ቱ ስትሮኩ ካርቡራተር ስላለው ለቆላ እንደተስተካከለ ከመጣ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል፤ ስለዚህ መስተካከል ይኖርበታል። ትልቁን ከመረጡ ደግሞ ሞተሩ ሙሉ ዙሩን ካላገኘ የክንፎቹ ቁጥር ያነሰ ፕሮፔለር ሳይሆን ፒቹ፣ ማለትም በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት፣ ያነሰ ፕሮፔለር ይፈልጉለት።

ከሞተሩም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ነው። በብዙ ያገለገሉ ጀልባዎች በፋይበርግላሱ መካከል እንጨት አለ፤ በብሎን ቀዳዳ ውኃ ከገባ ሳይታይ ይበሰብሳል። በካቻቢቴ እጀታ እያንኳኩ ይስሙት። ጤነኛው ይጮኻል፣ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል። ሞተሩን ከታች ይዘው ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት ግድግዳው ከታጠፈ ዋጋ እንኳ አይጠይቁ።

ጠያቂው፣ ከሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለቱንም አንኳኳሁ፤ የትንሹ ግድግዳ በቀኝ በኩል ከብሎኑ ሥር ድምፁ ታፈነ፣ ሻጩም «እርጥበት ነው» አለኝ። የትልቁ ደኅና ነው፤ ሰሌዳውም ስድስት ሰው ይላል። ቅዳሜ ስድስታችንም ተሳፍረን ውኃ ላይ ከሞከርነው በኋላ ቀብድ እከፍላለሁ። ተሳቢውን ግን በየሳምንቱ ሐረጎን ከማመላልሰው፣ ጀልባውን ሐይቅ ከተማ የማሳድርበት ግቢ ብከራይ ይሻለኛል፤ የምታውቁት ካለ ጠቁሙኝ።