ባለ 12 ፎቅ የአረጋውያን መኖሪያ በጅማ መሀል ከተማ፦ ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ?

አወያይ፦ ጥያቄው ይህ ነው። አንድ ባለሀብት ከጅማ መርካቶ ብዙም ሳይርቅ ባለ 12 ፎቅ የአረጋውያን መኖሪያና መንከባከቢያ ልሥራ ብሎ ለከተማው ቢያመለክት ይፈቀድለት? «ለአረጋውያን ከሆነማ ምን ክፋት አለው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ምክንያት ይቅረብ።

የሄርማታው ልጅ፦ እኔ አልደግፍም። ለሽማግሌና ለባልቴት 9ኛ ፎቅ ምን ያደርጋል? እናቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ካላለች ቀኑ አይመሽላትም። ላይ ሰቅለው የጅሬንን ኮረብታ ቢያሳዩዋት ምን ሊጠቅማት? መብራት ሲጠፋስ?

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ እናትህ አንተ አለህላት። ልጅ የሌለው ምን ይሁን? ልጆቹ ዓረብ አገር የቀሩበትስ? በ60 ዓመቴ ጡረታ ወጣሁ። የጡረታው ብር ከቤት ኪራይ አልፎ ለመድኃኒት አይደርስም። ጧሪ የሚገኘው ዘመድ በአንድ ግቢ ሲኖር ነበር፤ አሁን ግቢው የታለ? እኔ የምለው መሀል ከተማ ይሁን ነው። ወደ ዳር ካወጡን ጠያቂ አይመጣም። መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ዕድሩም እዚህ ነው። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታልም በባጃጅ ይደረሳል።

ነርሷ፦ ጋሼ ስለ ቦታው ልክ ናቸው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌሊቱ ነው። አልጋ ላይ የዋለ ሰው በየ2 ሰዓቱ ካልተገላበጠ ገላው ይቆስላል። የሚረሳ ሰው ደግሞ ሌሊት ተነስቶ ይወጣል። ሰፊና ዝቅ ያለ ቤት ከሆነ አንዲት ነርስ አንድ ኮሪደር ላይ ብዙ ሰው ታያለች። ቀጭን ረጅም ሕንፃ ግን በየፎቁ የሌሊት ሠራተኛ ይፈልጋል። ሲሚንቶ አንዴ ይገዛል፣ ደመወዝ ግን በየወሩ ነው። ባለሀብቱ የሚቀንሰው ከየት እንደሆነ እናውቃለን።

መሐንዲሱ፦ ፎቅ ስለሆነ ብቻ አንጥላው። በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከ12 ሜትር በላይ የሆነን ሕንፃ ጠበቅ ያለ ቁጥጥር በሚያሻው ምድብ «ሐ» ውስጥ ከቶታል። የሕዝብ ሕንፃ ከሆነም ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለ ሰው የሚገባበት መንገድ ይኑረው ብሏል። ታዲያ ሰው ሁሉ «ራምፕ፣ ማለትም ደረጃ የሌለው ተዳፋት መውጫ ይሠራለት» ይላል። ሒሳቡን እንየው። በተለመደው ልክ 1 ሜትር ለመውጣት 12 ሜትር ራምፕ ያስፈልጋል። የአንድ ፎቅ ከፍታ 3 ሜትር ከሆነ ራምፑ 36 ሜትር ይሆናል፣ ያውም ማረፊያዎቹ ሳይቆጠሩ። 12 ፎቅ በዚህ አይወጣም። ስለዚህ ሁሉም ነገር ሊፍት ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ሊፍቱ ደግሞ አልጋ ከነሰውየው የሚይዝ መሆን አለበት፣ ከአንድ በላይ፣ ከነጄኔሬተሩ።

ትልቁ ፈተና እሳት ነው። እሳት ሲነሳ ሰው በሊፍት አይወርድም። ጉልበቱን የሚያመው አዛውንት ደረጃውን እንዴት ይውረድ? ለዚህ የታወቀው ዘዴ እያንዳንዱን ፎቅ እሳት በሚቋቋም ግድግዳና በር ለሁለት መክፈል ነው። አልጋውን መጀመሪያ ወደ ጎን፣ ወደ ደህናው ክፍል ይገፉታል። ማውረዱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ፕላኑ ላይ ይህ ከሌለ 12 ቀርቶ 5 ፎቅም አልፈቅድም። አፈሩም አለ። ጥቁር አፈራችን ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ቦታው ወደ አዌቱ ወንዝ ዳር ከቀረበ የመሠረቱ ጥናት ቀልድ አይደለም።

ባለሱቁ፦ ሁላችሁም የዋህ ናችሁ። አሁን «ለአረጋውያን» ተብሎ ይፈቀዳል። ትንሽ ቆይቶ ታች ባንክ፣ ላይ ሆቴል።

መሐንዲሱ፦ የሊዝ ውሉ ላይ እኮ የቦታው አገልግሎት ይጻፋል። ያለ ፈቃድ መቀየር አይቻልም።

ባለሱቁ፦ ወረቀት ላይ።

የሄርማታው ልጅ፦ ክፍያውስ? አዲስ አበባ ያለው መቄዶንያ በሕዝብ እርዳታ የቆመ ነው፤ ጎዳና ላይ የወደቀውን ያነሳል። ባለሀብት ግን ትርፍ ይፈልጋል። እዚህ የሚገባው ልጁ ዶላር የሚልክለት ነው እንጂ ጋሼ በጡረታ ብራቸው አይገቡም።

ጡረተኛው መምህር፦ እሱ እውነት ነው፣ አልከራከርህም። ግን ባይሠራስ እገባለሁ? መሀል ከተማ ሆኖ 4 ፎቅ ይበቃል። ምድር ቤቱ ወደ መንገድ ሰፊ በረንዳ ይኑረው። ቡና የሚያፈላ ሰው ካለ ጎረቤቱ ራሱ ይመጣል።

ነርሷ፦ 4 ፎቅ ከሆነ እኔም እስማማለሁ። የሌሊት ሠራተኛው ብዛት ግን ፈቃዱ ላይ ይጻፍ።

ባለሱቁ፦ በ4 ፎቅ የመሀል ከተማ የሊዝ ዋጋ አይመለስለትም። ጥሎት ይሄዳል።

መሐንዲሱ፦ እንግዲያው ከተማው ሊዙን ይቀንስለት። በምትኩ መክፈል ለማይችል ሰው አልጋ ይያዝ።

ባለሱቁ፦ የሚቀነሰው የሕዝብ ገንዘብ መሆኑ እንዳይረሳ። እሺ፣ ይቀነስለት። ግን ስንት አልጋ? ቁጥሩ ውሉ ላይ ካልሰፈረ እኔ አሁንም አይፈቀድ ባይ ነኝ።