ፒጂዲቲ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ? የኬሚስትሪ ምሩቅ ነኝ

ኬሚስቷ ከደሴ፦

ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ በዚህ ያለፈ ሰው ካለ ምክር ፈልጌ ነው። በ2015 በኬሚስትሪ ተመረቅኩ፣ የመውጫ ፈተና ግዴታ ሲሆን የመጀመሪያው ባች እኛ ነን፣ እሱንም አልፌያለሁ። ከዛ ወዲህ ፋብሪካ በሉት ላብራቶሪ በሉት ያላመለከትኩበት የለም፣ ሁሉም የስራ ልምድ ነው የሚለኝ፣ አሁን ፋርማሲ ውስጥ ካሸር ሆኜ እየሰራሁ ነው። ሰሞኑን ፒጂዲቲ (ዲግሪ ለያዘ ሰው የሚሰጠውን የመምህርነት ስልጠና) ተምረው ሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምሩ ምሩቃን ይፈለጋሉ የሚል ማስታወቂያ አይቼ ፎርሙን ሞላሁና ሳላስገባው ቦርሳዬ ውስጥ አራት ቀን ሆነው።

የሚያስፈራኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዲግሪ ይዤ እንደገና አንድ ዓመት ስለማስተማር ልማር ማለት ጊዜ ማባከን አይሆንም ወይ? ኬሚስትሪውን አውቀዋለሁ እኮ። ሁለተኛው ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰው ፊት ቆሜ መናገር አልችልም፣ ዩኒቨርሲቲ ፕረዘንቴሽን ሲኖረኝ ከማታው ጀምሮ ምግብ አይወርድልኝም ነበር፣ ያውም ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው። እናቴ ግቢ ትላለች፣ ጓደኞቼ ደሞዙን እያነሱ ተይው ይላሉ። እናንተ ምን ትላላችሁ? የገባችሁበት ሰዎች እውነቱን ንገሩኝ።

የ10ኛ ሲ ሆምሩም፦

እህቴ እኔ ባዮሎጂ ነው የማስተምረው፣ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ መጀመሪያ ተቀጥሬ ፒጂዲቲውን ክረምት ክረምት ነው የጨረስኩት። ስለ ፍርሃቱ ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ክፍል የገባሁ ቀን 68 ተማሪ ነበር፣ ጠመኔው በእጄ ላብ ርሶ ሰሌዳው ላይ አልጽፍ አለኝ፣ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ አርባውን ደቂቃ ሙሉ ጻፍኩ፣ ስዞር ከኋላ ወንበር ያሉት ተኝተዋል የፊቶቹ ደግሞ እየገለበጡ ነው። ያን ዓመት በሙሉ እንደዛ ነው ያስተማርኩት፣ ጥሩ አስተማሪ የሆንኩ ነበር የሚመስለኝ፣ ምክንያቱም ደብተራቸው ሙሉ ነው።

ክረምት ስንገባ ማይክሮ ቲቺንግ የሚባል አለ፣ ለክፍል ጓደኞችሽ አስር ደቂቃ ታስተምሪያለሽ፣ ከዛ እነሱ ቁጭ ብለው ያዩትን ይነግሩሻል። አንዱ ልጅ አስር ደቂቃ ውስጥ አንዴም ጥያቄ አልጠየቅሽም፣ ጠይቀሽም ከሆነ «ገባችሁ?» ብቻ ነው አለኝ። አመመኝ፣ ግን ልክ ነበር፣ «ገባችሁ?» ሲባል ማን አልገባኝም ይላል? አሁን ለአንድ ፔሬድ ሦስት ጥያቄ አስቤ ሳልጽፍ ክፍል አልገባም፣ ከጠየቅኩ በኋላም በልቤ እስከ አምስት ቆጥሬ ነው ስም የምጠራው፣ ይቺ ዝምታ ብቻዋን ስንት ልጅ እንዳናገረችልኝ። ፍርሃቱ እየተለማመድሽው ይሄዳል፣ አይዞሽ።

ፊዚክስ 40 ደቂቃ፦

እኔ ደግሞ በሌላ በኩል ያለውን ልናገር፣ እህታችን ሁሉንም አውቃ ትግባ። ኮርሱ ብዙ ነው፣ ሳይኮሎጂው፣ ልዩ ፍላጎት ትምህርቱ፣ ምዘናው፣ አክሽን ሪሰርቹ፣ ሁሉም በአንድ ዓመት ታጭቆ ሃንድአውት ተሸምድዶ የሚታለፍበት ጊዜ አለ። በተለይ ፕራክቲከሙ ላይ፣ ማለትም ትምህርት ቤት ተመድበሽ የማስተማር ልምምድ የምታደርጊበት ላይ፣ አዝኛለሁ። እኔ የተመደብኩበት ትምህርት ቤት ሜንተር የተባለው መምህር ክፍሉን ለኔ አስረክቦ ሄደ፣ የኔ መምጣት ለሱ እረፍት ሆነለት፣ ሱፐርቫይዘሩም የመጣው አንዴ ነው፣ ሩብ ሰዓት ከኋላ ተቀምጦ ፈርሞ ወጣ። ማንም ሳያርመኝ ጨረስኩ፣ ይሄን የምለው ተናድጄ ነው፣ ምክንያቱም ከሁሉም የምፈልገው እሱን ነበር።

ስለዚህ ከገባሽ ሰው እስኪመድብልሽ አትጠብቂ። ጎበዝ የሚባለውን መምህር ራስሽ ፈልገሽ ከኋላ ወንበር ልቀመጥ በይው፣ እኔ ሰርተፍኬቱን ይዤ ከተቀጠርኩ በኋላ ነው እሱን ያደረግኩት፣ በአንድ ወር ውስጥ ያየሁት ከዓመቱ ሃንድአውት በለጠብኝ። ደሞዙን በተመለከተ ጓደኞችሽ አልዋሹም፣ ከተማ ቤት ተከራይቶ በመምህር ደሞዝ መኖር ከባድ ነው፣ ብዙዎቻችን ቲቶሪያል እንሰራለን። ደረጃ እድገት አለ፣ ከጀማሪ ወደ መለስተኛ፣ ከዛ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር እያለ ይሄዳል፣ ግን ዓመታት ይፈልጋል። ፎርሙን ከማስገባትሽ በፊት የትምህርት ቢሮው ማስታወቂያ ላይ ውል ካለ፣ የት ወረዳ እንደሚመድቡሽ፣ ስልጠናው ላይ እያለሽ ምን እንደሚከፈልሽ አንብቢ፣ ሄደሽም ጠይቂ፣ በወሬ አትወስኚ።

አንጋፋው መምህር፦

ልጄ፣ ኬሚስትሪ ሳስተምር 26 ዓመት አለፈኝ፣ ለፕራክቲከም የሚመጡ ልጆችንም ተቀብያለሁ። የፊዚክሱ ወንድሜ ያልከው እውነት ነው፣ እንደዛ የሚያደርጉ ባልደረቦች አሉን፣ ያሳፍረኛል።

እኛ ስንማር ማስተማርም ትምህርቱም ከመጀመሪያው አብረው ነበር የሚሰጡት፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ቴሶ የሚሉት የመምህራን ስልጠና ለውጥ መጣና ልምምዱ በዛ፣ የትምህርት ዓይነቱ ግን ሳሳ ተብሎ ተወቀሰ። በ2003 ደግሞ መጀመሪያ ዲግሪውን ይያዝ ከዛ ማስተማሩን ይማር ተብሎ ፒጂዲቲ ጀመረ። ባንዱ ዘመን ይሄ ይጎላል፣ በሌላው ያኛው፣ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስተካክለው በመጨረሻ ክፍል ውስጥ ያለው ሰው ነው።

አሁን «ኬሚስትሪውን አውቀዋለሁ» ያልሽው ላይ ልምጣ፣ እዚህ ጋ ነው ዋናው ነገር። ሞል ታውቂያለሽ፣ እንደ ደርዘን ያለ የአተም መቁጠሪያ ነው፣ 6.02 ሲባዛ 10 ፓወር 23 ብለሽ በእንቅልፍሽም ትናገሪያለሽ። ክፍል ገብተሽ «1 ሞል ካርቦንና 1 ሞል ብረት፣ አተማቸው የሚበዛው የቱ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ግማሹ ክፍል ብረት ይልሻል፣ ከባድ ነዋ። የካርቦኑን 12 ግራምና የብረቱን 56 ግራም እያየ ክብደቱን ከብዛቱ ጋር ያጋባዋል። ዩኒቨርሲቲ ሞልን እንጂ ይሄን ስህተት አላስተማረሽም፣ የአስተማሪ እውቀት ግን እሱ ነው፣ ልጁ የት ጋ እንደሚሳሳት ቀድሞ ማወቅ።

እኔ ያን ቀን ጤፍ ነው ይዤ የምገባው። በላስቲክ አንድ ጭብጥ ጤፍ ጠረጴዛ ላይ አፈስና ቁጠሩት እላለሁ። ይስቃሉ። እናታችሁ ገበያ ስትሄድ ጤፍ ቆጥራ ነው የምትገዛው? አይ፣ በኪሎ ነው ይላሉ። ለምን? ትንሽ ስለሆነ ስለማይቆጠር። እሺ አተምስ? እዚህ ጋ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ከዛ አጠገቡ አንድ ጭብጥ ባቄላ አስቀምጣለሁ፣ አንድ ሺህ ጤፍና አንድ ሺህ ባቄላ ሚዛን ላይ ቢወጡ እኩል ይመዝናሉ? አይመዝኑም። ቁጥራቸውስ? እኩል ነው። ከኋላ ያለ ልጅ «ቲቸር፣ ስለዚ ብረቱ ባቄላው ነው» ሲል ሞሉ ገባው ማለት ነው። በአማርኛ ነው የምንነጋገረው በዚህ ሰዓት፣ ከገባቸው በኋላ እንግሊዝኛውን ሰሌዳ ላይ እንጽፈዋለን። እንግሊዝኛሽን አሳድጊ፣ ግን እሱን ፈርተሽ አትቅሪ፣ ልጆቹም እንዳንቺው ይፈሩታል።

12ኛ ክፍል በ2014 ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዛ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው፣ በቀጣዩ ዓመት 3.2። ያን ውጤት ያየሁ ቀን ቤቴ ገብቼ ራት አልበላሁም። ሁሉም የመምህር ጥፋት ነው አልልም፣ መጽሐፍ ሳይደርሰው የተፈተነ ልጅ አለ፣ ላብራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤት አለ፣ ጦርነት የዘጋው አለ። ግን ኬሚስትሪ አስተማሪ ሳያገኝ ዓመቱን የጨረሰ ክፍልም አለ፣ ለዚህ ነው ፎርምሽ ቦርሳ ውስጥ መቀመጡን ስሰማ የከፋኝ።

ኬሚስቷ ከደሴ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም አመሰግናለሁ። እውነት ለመናገር የካርቦንና የብረቱን ጥያቄ ለታናሽ ወንድሜ ጠየቅኩት፣ 11ኛ ነው፣ ሳያስብ ብረት አለኝ። ጤፉን አወጣሁና ማዕድ ቤት ውስጥ አሳየሁት፣ እናቴ ጤፌን አታባክኑ እያለች። መጀመሪያ ተምታታብኝ፣ ባቄላውን ረስቼ ስለነበር ክብደትና ብዛት መለየት አልቻልኩም፣ ከዛ ሽንብራ ነበር እሱን አመጣሁና እንደገና ጀመርኩት። ሲገባው ፊቱ ላይ ያየሁትን እንዴት ብዬ ልግለጽላችሁ። ቢሮውም ሄጄ ምደባውንና ውሉን ጠየቅኩ፣ ገጠር ወረዳ ሊሆን ይችላል ብለውኛል፣ ይሁን። ፎርሙን ዛሬ ጠዋት አስገብቻለሁ።

አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ለማይክሮ ቲቺንጉ ምን ርዕስ ልያዝ? ከባድ ይዤ ልታይ ወይስ ቀላል?

የ10ኛ ሲ ሆምሩም፦

ጎሽ! ቀላል ያዢ፣ አስር ደቂቃ ሳታስቢው ነው የሚያልቀው። አንድ ሃሳብ ብቻ፣ ሌሰን ፕላንሽ ላይም «ተማሪው ይረዳል» ብለሽ አትጻፊ፣ ምን ሲያደርግ ነው መረዳቱን የምታዪው እሱን ጻፊ። ቤት ውስጥ ለወንድምሽ ሁለቴ አስተምሪው፣ ስልክሽን መደርደሪያ ላይ አቁመሽ ቅጂውና ስንት ሰከንድ ወደ ሰሌዳ እንደዞርሽ ቁጠሪ።

አንጋፋው መምህር፦

ሞሉን ያዢ ልጄ። ጤፉን ከቤት በላስቲክ፣ ሽንብራውን ለብቻ፣ ከተገኘ ትንሽ የኩሽና ሚዛን ጨምሪበት። ጠረጴዛው ላይ መጀመሪያ ወረቀት አንጥፊ፣ ጤፍ ከበተንሽው ስትለቅሚ ነው ደቂቃው የሚያልቀው።