ክርክር፦ ኮዬ ፈጬን ማን ያስተነፍሳት? ሰፊ አስፋልት ወይስ ብዙ ጠባብ መንገድ?

ጠያቂ፦ የአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮቹ ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ገና ሰው እየገባባቸው ነው። ጠዋት ሁሉም ወደ ዋናው አስፋልት ይጎርፋል። አስፋልቱ ይስፋ ወይስ የውስጥ ለውስጥ መንገዶቹ ተከፍተው ከአጎራባች ሰፈር ጋር ይገናኙ?

ሾፌሩ፦ ይስፋ እንጂ! ኮብልስቶን ላይ ስንገጫገጭ ብውል ጎማውን ማን ይገዛልኛል? ተሳፋሪም ያለው አስፋልት ላይ ነው።

ፕላን ሠሪው፦ ተሳፋሪው አስፋልት ላይ የሚቆመው ታክሲ ሌላ ቦታ ስለማይመጣለት ነው እኮ። የሚያንቀው መጋጠሚያው ነው። የሰፈሩ መኪና ሁሉ አንድ መጋጠሚያ ላይ ከፈሰሰ፣ ስምንት መስመር ብታደርገውም መብራቱ ጋ ይቆማል። የተባበሩት መንግሥታት የከተሞችና የመኖሪያ ቤት ድርጅት፣ ዩኤን ሀቢታት፣ በካሬ ኪሎ ሜትር ቢያንስ 18 ኪሎ ሜትር መንገድ ይመክራል። በአራት ማዕዘን ብትሸነሽኑት በየ110 ሜትሩ ገደማ አንድ መንገድ ማለት ነው።

የብሎክ ኮሚቴ፦ ወረቀት ላይ ያምራል። እኛ ግቢያችንን ያጠርነው ሌባ አማሮን ነው። ልጆች የሚጫወቱት፣ ለቅሶ ሲሆን ድንኳን የሚጣለው እዚያው ነው። መኪና አቋራጭ ካደረገው የት እንሂድ?

ፕላን ሠሪው፦ ግቢያችሁ ይታጠር፣ ማን ነካው? እኔ የምለው ብዙ ግቢ አንድ ላይ ታጥሮ በመሐል የሚያልፈው የሕዝብ መንገድ ሲዘጋ ነው። እሳት ቢነሳ በአንድ በር ብቻ ነው የምትወጡት?

እግረኛዋ፦ ወሬው ሁሉ ስለ መኪና ሆነ። 40 ሜትር አስፋልት፣ በሰከንድ አንድ ሜትር ለምትራመድ አሮጊት 40 ሰከንድ ነው። ማን ይጠብቃታል? ቀለበት መንገድን እዩት፤ ድልድዩ ሲርቅ ሰው አጥር ይዘላል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ባቡርም በአያት መስመር መንገዱን ለሁለት ከፍሎ ፊት ለፊት ያለውን ሱቅ አርቆታል።

ሾፌሩ፦ እሺ ጠባቡ ይከፈት። ግራና ቀኝ የሚቆመውን መኪና ማን ያስነሳል? ባጃጅ እንኳ አያሳልፍም!

ፕላን ሠሪው፦ እዚህ ላይ ልክ ነህ። ባለ አንድ አቅጣጫ ይሁንና በአንድ ወገን ብቻ ይቆም። ለዚህ ቀለምና ምልክት፣ ከዚያም የሚቀጣ ትራፊክ ይበቃል። አስፋልት ግን ቦታው ከተጠበቀለት፣ በኋላም ይሰፋል። ቤት ባረፈበት ላይ አዲስ መንገድ ማውጣት ማፍረስና ካሳ ነው። ባዶ መሬት እያለ መስመሩ ይከበር።

የብሎክ ኮሚቴ፦ ለእግረኛ ከሆነ በሩ ቀን ይከፈት፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ዘበኛው ይዝጋው። ለመኪና ግን አልፈርምም።