የኩሽናውን ግድግዳ አፍርሼ ከሳሎን ላገናኝ፦ ኮንዶሚኒየም ከመግዛቴ በፊት ምን ልይ?

ሀረግ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ልገዛ ሁለት ቤት ለይቻለሁ። አንዱ ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ ሴራሚኩም ጂፕሰሙም አዲስ ነው፣ ሳሎኑ ግን ይጨልማል። ሌላው የመጨረሻው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከቀለም በቀር አልተነካም፣ የሳሎኑ መስኮት ወደ ደቡብ ያያል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ሐሳቤ በኩሽናውና በሳሎኑ መካከል ያለውን ግድግዳ ማፍረስ፣ ከተቻለም የሽንት ቤቱን መቀመጫ ማዛወር ነው። ቀብድ ሳልከፍል ምን ልለካ፣ ምን ልፈትሽ?

ስትራክቸር፦
እህቴ፣ በገንዘብ የማይቀየረውን አስቀድሚ። ሴራሚክ ይነቀላል፣ ጂፕሰም ይወርዳል፤ ኮለን (ቋሚው የኮንክሪት ምሰሶ)፣ ቢም (አግዳሚው የኮንክሪት ተሸካሚ)፣ የቱቦ መውረጃና የመስኮት አቅጣጫ ግን ባሉበት ይቀራሉ።

በእነዚህ ሕንፃዎች ክብደቱን የሚሸከሙት የኮንክሪት ኮለንና ቢም ናቸው፤ የውስጡ ብሎኬት በአብዛኛው ክፍል መለያ ብቻ ነው። ስለዚህ ማፍረሱ ብዙ ጊዜ ይቻላል። በማንኳኳት ብቻ ግን አትወስኚ፤ ልስኑ ከወፈረ ድምፁ ያታልላል። በሩ ጋ ውፍረቱን ለኪ፦ ባለ 10 ብሎኬት (10 ሴ.ሜ ውፍረት ያለው) ከነልስኑ 14 ሴ.ሜ፣ ባለ 15 ደግሞ 19 ሴ.ሜ ገደማ ይሆናል። ከዚያ ወፈር ብሎ የወጣ ማዕዘን ካየሽ ኮለን ነው ብለሽ ጠርጥሪ። ማረጋገጫው ታች ያለው ጎረቤት ቤት ነው፤ አስፈቅደሽ ግቢና ያንኑ ቦታ እይ። ኮለን እስከ መሠረት ስለሚወርድ እዚያም ታገኚዋለሽ።

ግድግዳው ቢፈርስም ከላይ ቢም ካለ አይነካም። ከወለል እስከ ቢሙ ሆድ ለኪ። 2.20 ሜትር ከሆነ ሙሉ የጂፕሰም ኮርኒስ አታስቢ፤ ዳር ዳሩን ብቻ አውርጂ።

3 ሜትር ርዝመትና 2.60 ከፍታ ያለው ባለ 15 ግድግዳ ወደ 98 ብሎኬት ነው፤ ከነልስኑ ከ1.5 ቶን ያላነሰ ፍርስራሽ ይወጣዋል። ብዙ ሠራተኛ ሶሌታው (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) መሃል ይከምረዋል፤ ይህ አደገኛ ነው። ከላይ ወደ ታች በየረድፉ ይፍረስ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ዕለቱን ይውረድ። ኮለንና ሶሌታ የጋራ ንብረት ናቸው፤ መዶሻ ከመነሳቱ በፊት የነዋሪዎቹን ማኅበር አሳውቂ፣ የማሻሻያ ፈቃድም ጠይቂ።

የቧንቧ_ሰው፦
የሽንት ቤቱን መቀመጫ ተዪው። ቱቦው 110 ሚሊ ሜትር ነው፤ በየሜትሩ ቢያንስ 1፣ ቢቻል 2 ሴ.ሜ መውረድ አለበት። 3 ሜትር ካራቅሽው ቱቦውና ተዳፋቱ ተደምረው ወለሉን 15 ሴ.ሜ ገደማ ያስነሱሻል፤ በሩ ላይ ደረጃ ይፈጠራል። ተዳፋቱን ቀንሰው «ይሄዳል» የሚሉሽ ካሉ አትስሚ፤ ውሃው ብቻ ሄዶ ደረቁ ይቀራል፣ ቱቦውም በየጊዜው ይደፈናል። የዕቃ ማጠቢያው ግን ባለ 50 ቱቦ ስለሆነ በካቢኔ ውስጥ ግድግዳ ታክኮ መሄድ ይችላል።

ለሁለተኛ ፎቁ ደግሞ አንድ ባልዲ ውሃ ሻወሩ ወለል ላይ ድፊ። ወደ መውረጃው ካልሄደና ጥግ ላይ ከተኛ፣ አዲሱ ሴራሚክ ተነቅሎ እንደገና ይነጠፋል፤ ለእሱ የከፈልሽው ጭማሪ ሁሉ ከንቱ ነው። ሴራሚኩን በሳንቲም አንኳኪ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ሥሩ ሲሚንቶ ያልሞላ ነው።

ብርሃን_ፊኒሺንግ፦
እኔ አራተኛውን እመርጣለሁ፣ በብርሃኑ ምክንያት። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ሌሊቱ በሚበርድበት ወቅት ሳሎንሽን ታሞቃለች። ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት በቀጥታ የሚያገኛት ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ነው፤ አብዛኛው ጊዜ ደግሞ ደመና ነው። የጨለመን ሳሎን በመብራት ታደምቂው ይሆናል፤ ቀን ሙሉ አምፖል እያበሩ መኖር ግን ያሰለቻል።

የመጨረሻ ፎቅ ጣጣው ቆርቆሮው ነው። የኮርኒሱን ዳርና የአሸንዳውን መስመር ተከትለሽ ቡናማ ክብ ፈልጊ። እዚህና እዚያ ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባ ቦታ ካለ ለምን እንደሆነ ጠይቂ። የሚቻል ከሆነ ዝናብ ሲዘንብ ሂጂ።

ኩሽናውንም ለኪ። የካቢኔ ጥልቀት 60 ሴ.ሜ፣ መተላለፊያው ቢያንስ 90 ነው፤ በሁለት ወገን ካቢኔ ከፈለግሽ 2.10 ሜትር ያስፈልጋል። የደረጃውን መታጠፊያም አትርሺ፤ የማይፈታ ኤል ሶፋ እዚያ ይቀራል።

ሀረግ፦
አመሰግናለሁ። ኩሽናው ክፍት ሲሆን ምጣዱና የወጡ ሽታ አይቸግርም?

የቧንቧ_ሰው፦
ሽታው ይቸግራል። ቁሌት የሚበዛበት ቤት ከሆነ ግድግዳውን ሙሉ አታፍርሺ፤ ከወለል 1 ሜትር ትተሽ ከላይ ክፈቺና ተንሸራታች መስታወት አስገቢ። አየር ማውጫ ከተገጠመም ቱቦው ወደ ውጭ ይውጣ፤ በማጣሪያ ብቻ የሚሠራው ለበርበሬ ጭስ አይበቃም።

ምጣድ እስከ 4 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል፣ በ220 ቮልት 18 አምፒር መሆኑ ነው። ከቆጣሪው ጀምሮ ለብቻው 4 ካሬ (4 ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦና የራሱ ብሬከር ይኑረው። በሚፈርሰው ግድግዳ ውስጥ የሚያልፍ መስመር ካለ መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፍተው መስመሩን ያዛውሩ፣ ከዚያ ማፍረሱ ይጀመር።