«ተበላሸ» ለማለት የትኛውን የእንግሊዝኛ ቃል ልጠቀም?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ቨርጂኒያ ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከአሥር ቀን በፊት ከላይኛው ፎቅ ውኃ ወርዶ የሳሎኔን ስጋጃ፣ አንድ ካርቶን መጻሕፍትና ላፕቶፔን ስላበላሸብኝ፣ ለተከራይ ኢንሹራንሴ በጽሑፍ አመልክቼ ለሦስቱም «ዲስትሮይድ» የሚለውን ቃል ተጠቀምሁ። ጉዳዩን የያዘችው ሠራተኛ ደውላ ስለ ስጋጃው ስትጠይቀኝ፣ ታጥቦና ደርቆ እንደገና መነጠፉን በቅንነት ነገርኋት። «ታዲያ ምኑ ወደመ?» ብላ ደብዳቤውን አስተካክዬ እስከ ዓርብ እንድልክ ነገረችኝ። ከዚያ ቀደም ደግሞ «መኪናዬ ስፖይልድ ሆናለች» ብዬ የሥራ ባልደረቦቼ ሲስቁ ውለዋል። በእኛ ቋንቋ ወተቱም፣ መኪናውም፣ ልጁም፣ ዕቅዱም «ተበላሸ» ይባላል። በእንግሊዝኛ የትኛው ለየትኛው እንደሚሆን ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ አገር ቤት እንግሊዝኛ ያስተማርሁ

ወንድሜ፣ ቃሉን ከመምረጥዎ በፊት «ዕቃው አሁን በምን ሁኔታ ላይ ነው?» ብለው ይጠይቁ። «ዳሜጅድ» ማለት ተጎዳ ማለት ነው፤ ዕቃው አለ፣ ምናልባትም ይጠገናል። «ሩዊንድ» ሲባል ዕቃው በቦታው እያለ ለተሠራለት ነገር የማይሆን ሆኗል፤ ቀይ ወጥ የተደፋበት ነጭ የሐበሻ ቀሚስ፣ እድፉ አልለቅ ካለ፣ «ሩዊንድ» እንጂ «ዲስትሮይድ» አይባልም፤ ቀሚሱ እዚያው ተሰቅሏልና። «ዲስትሮይ» መሠረቱ የላቲን ቃል ሲሆን የተገነባን ማፍረስ ማለት ነው፤ እሳት የበላው ቤት፣ ተቆራርጦ የተጣለ ሰነድ ይስማማዋል። እንግዲህ የእርስዎ ስጋጃ «ዋተር ዳሜጅድ» ነው። መጻሕፍቱ ገጻቸው ተጣብቆ የማይገለጥ ከሆነ «ሩዊንድ» ይበሉ። ላፕቶፑን ባለሙያ አይቶ አይሠራም ካለ «ዳሜጅድ ቢዮንድ ሪፔር» የሚለው ሐረግ ከሁሉ ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በተለይ ለደብዳቤ ስለሆነ። ጉዳቱ ብዙ ቢሆንም «ዳሜጅ» በስም ሲገባ ብዙ ቁጥር አይይዝም። «ዳሜጅስ» ካሉ በሕግ ቋንቋ በፍርድ ቤት የሚጠየቅ ካሳ ማለት ስለሚሆን፣ ሠራተኛዋ ሊከሷቸው ያሰቡ ሊመስላት ይችላል። አደጋ የደረሰበት ሰውም «ዳሜጅድ» አይባልም፤ ሰው «ኢንጀርድ» ወይም «ኸርት» ነው።

መልስ፦ በሜሪላንድ ጋራዥ የምሠራ

ስለ መኪናው እኔ ልናገር። መንገድ ላይ ቀጥ ካለች «ብሮክ ዳውን» ነው፤ ጠዋት አልነሳ ካለች «ዎንት ስታርት» ይበቃል። ተጋጭታ ከተጨረማመተች «ሬክድ» ይባላል፤ ቃሉ ባሕር ላይ ለተሰበረ መርከብም ያገለግላል። አሜሪካ ውስጥ የሚሰሙት «ቶታልድ» ግን የኢንሹራንስ ቃል ነው። መጠገኛው ከመኪናዋ ዋጋ በለጠ ወይም ተጠጋ ሲባል የሚሰጥ ስም ስለሆነ፣ መኪናዋ የግድ ድቅቅ ማለት የለባትም። የእኔ አሮጌ ኮሮላ በሯ ገባ ብሎ ኤርባጎቿ ስለፈነዱ ብቻ «ቶታልድ» ተብላለች፤ እየነዳኋት ቤቴ መግባት እችል ነበር። ሳልነዳ ተሽከርካሪ ጫኝ ወሰዳት፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መልስ፦ ከለንደን

«ስፖይል» ለምን እንዳሳቃቸው ልንገርዎ፦ መኪናዋን በስጦታ ያሞላቀቋት መስሎ ስለሚሰማ ነው። ቃሉ ለምግብ ይሆናል፤ ያም ቢሆን በዕለት ተዕለት ንግግር ስለ ወተት እዚህ እንግሊዝ «ጎን ኦፍ»፣ እናንተ ዘንድ ደግሞ «ጎን ባድ» ይባላል። ከሁሉ የሚያሳስተው ግን ልጅ ላይ ሲመጣ ነው። እኛ «ልጁ ተበላሸ» ስንል ጠባዩ ከፋ፣ ከመጥፎ ጓደኛ ገጠመ፣ ሱስ ያዘው ማለታችን ነው፤ «ስፖይልድ» ልጅ ግን ያለ ልክ የተቀማጠለ ነው። አንዲት እናት ለልጇ መምህርት ጭንቀቷን በዚህ ቃል ብታዋያት፣ መምህርቷ መጫወቻ እንድትቀንስለት ትመክራት ይሆናል።

ዕቅድ ሲበላሽ «ፌል ስሩ» ይባላል፤ ያበላሸው ሰው ካለ ደግሞ «ሩዊን» ይገባል። «ሜስድ አፕ» የሚለውን ለጓደኛ ያቆዩት፤ ለኢንሹራንስ አይጻፍም።

መልስ፦ አስተርጓሚ

ሆን ተብሎ ለሚፈርስ ሕንጻ «ዲሞሊሽ» ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች የፈረሱት በዚህ ቃል ይገለጻል፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ላፈረሰው ግን «ዲስትሮይድ» ይሻላል። «ዲቫስቴትድ» አገርንም ልብንም ይመለከታል፤ ሐዘን የገጠመው ሰው ስለ ራሱ ሲናገር ይሰሙታል። ለስጋጃ ብዙ ነው።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ስጋጃውን «ዋተር ዳሜጅድ» አልሁና የማጠቢያውን ደረሰኝ አያያዝሁ፤ ላፕቶፑን የጥገና ባለሙያው በጻፈልኝ ቃል ገለጽሁ። መጻሕፍቱን «ሩዊንድ» ብያለሁ። ሽታቸው ስለከፋ ዛሬ ማታ ልጥላቸው ነው።

መልስ፦ አገር ቤት እንግሊዝኛ ያስተማርሁ

ኧረ አይጣሉ! ሠራተኛዋ ይጣሉ እስክትልዎ ድረስ በፌስታል ቋጥረው በረንዳ ያስቀምጧቸው፤ የተጣበቁትን ገጾችም በቅርብ ፎቶ ያንሱ።