ሸሸርና ወላላ ለሩዙ ይሁኑ ወይስ ለወፉና ለአሣው?

የናበጋ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥር ላይ አገር ቤት ሄጄ ነበር፤ ያየሁት ነገር እንቅልፍ ስለነሣኝ ነው ይህን የምጽፈው። ሸሸርንና ወላላን ለማታውቁ፣ ከጣና በስተምሥራቅ ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ከርብ ወንዝ አጠገብ ያሉ ሁለት ረግረጎች ናቸው። ክረምት ርብ ሲሞላ ሜዳው ሁሉ ባሕር ይሆናል። ውኃው ሲሸሽ እነዚህ ሁለቱ ጎድጓዳ ስለሆኑ ይዘው ይቀራሉ። በእኔ ልጅነት የያዙትን በጋውን ሙሉ አይለቁትም ነበር፤ ከብቶቻችንን የምናጠጣው እዚያ ነበር።

ጥቅምት ሲጋመስ ገና ሳናያቸው ድምፃቸው ይደርሰናል። ተሰልፈው የሚመጡት ግራጫዎቹ ሽመላዎች ናቸው፤ አባቴ የሽምብራውን ዘር ጊዜ የሚቆጥረው በእነሱ ነበር። እነሱ እንግዶች ናቸው። ከአገር የማይወጡት ሌሎች ሁለት የሽመላ ዓይነቶች ናቸው፦ በራሱ ላይ ወርቃማ አክሊል የደፋው ጥቁሩ፣ አልፎ አልፎም ጥንድ ሆኖ የሚታየው፣ ከአገጩ ሥር ሥጋ የሚንጠለጠልለት ቁመተ ረጅሙ። ባለ አክሊሎቹ ክንፋቸውን ዘርግተው ሲዘሉ፣ ሲጎነበሱ፣ እንደገና ሲዘሉ ቆመን እናይ ነበር። ያን የመሰለ ጭፈራ ሠርግ ቤትም አላየሁ።

አሁን ሸሸር መሐል የቆምኩት በደረቅ እግሬ ነው። ከዳር እስከ ዳር የሩዝ ገለባና የሽንኩርት መደብ ነው። የቀረችውን ኩሬ ሦስት ሞተር ይስባታል። ባለ አክሊሉን አንድም አላየሁም። የእኔ አቋም፦ ሁለቱ ረግረጎች ይከለሉ፣ እርሻው ይውጣ። የምትቃወሙ ተናገሩ፤ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።

ባለሩዙ፦
ወንድሜ፣ አንተ በዓመት አንዴ ታየዋለህ፤ እኔ እዚያው ነኝ። ፎገራ ከሩዝ በፊት ምን እንደነበር የማያውቅ ስለሚበዛ ልናገር። ክረምት መሬታችን ውኃ ውስጥ ነው፤ ጤፍም ዳጉሳም አይችለውም። በደርግ ጊዜ ጅግናና ሻጋ ላይ ሩዝ ሲሞከር ብዙ ሰው ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ኋላ ግን ያ ውኃ የተኛበት መሬት ራሱ ሀብት ሆነ። ስንዘራው የኖርነው ኤክስ ጅግና የተባለው የሩዝ ዘር ስሙን ያገኘው ከዚያው ከጅግና ቀበሌ ነው። የአገሪቱ የሩዝ ምርምር ማዕከል እኛ ዘንድ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከአባቴ የደረሰኝ ሁለት ጥማድ ነው። ሦስት ወንዶች ልጆች አሉኝ። ባሕር ሸሹ፣ ውኃው ሲሸሽ የምናርሰው መሬት፣ ባይኖር ምን አካፍላቸዋለሁ? ትልቁን ኮሌጅ ያስተማርኩት በሸሸር ሽንኩርት ነው፤ አላፍርበትም። ወፍ ወፍ ትላላችሁ፤ ሽመላው እኮ የዘራነውን ሽምብራ ለቅሞ ይጨርሳል። ሐይቁ ዳር ሌሊት ጉማሬ፣ ቀን ወፍ ስንጠብቅ ነው ያረጀነው። ደግሞ ጠፋ የምትሉት ወፍ በኅዳር የሩዙ ገለባ ላይ ሞልቶ ታያላችሁ። እርሻውን ለምዶታል። ይከለል የምትሉ ሰዎች መጀመሪያ «ገበሬው ምን ይብላ?» ለሚለው መልስ ይዛችሁ ኑ።

የባዮሎጂ መምህር፦
ጋሼ፣ ስለ ሩዙ የተናገሩት እውነት ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። «ወፉ እርሻውን ለምዶታል» የሚለውን ግን በወፎቹ ዓይነት ለይተን እንየው።

ገለባው ላይ የሚያዩዋቸው ግራጫዎቹ ናቸው። ጎጆአቸው እዚህ አይደለም፤ አውሮፓና ሩሲያ ነው። ኢስቶኒያ ውስጥ መከታተያ የታሠረላቸው ሽመላዎች ኢትዮጵያ ደርሰው ታይተዋል። እነሱ የወደቀ እህል ለቅመው ይከርማሉ፣ መጋቢት ላይ ይመለሳሉ። ከእኛ የሚፈልጉት የሚለቅሙትንና ሌሊት እግራቸውን ነክረው የሚያድሩበት ውኃ ነው።

የአገር ልጆቹ ጉዳይ ሌላ ነው። ባለ አክሊሉ ጎጆውን የሚሠራው ረግረግ ላይ ነው። ያ ቁመተ ረጅሙ ደግሞ በዓለም ላይ ያለው አፍሪካ ውስጥ ብቻ ነው። አብዛኛው በደቡቡ የአህጉሩ ክፍል ይኖራል፤ የእኛዎቹ ከዚያ ተነጥለው ለብቻቸው የቀሩ ናቸው። የሚጥለው አንድ ወይ ሁለት እንቁላል ነው፤ የሚያሳድገው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጫጩት ብቻ። ሣር ከምሮ ጥልቀት በሌለው ውኃ መሐል የሚቀመጠው ቀበሮና ውሻ እንዳይደርሱበት ነው። ውኃው ቀድሞ ከደረቀ የዚያ ዓመት ጫጩት የለም ማለት ነው። ሁለቱም በዓለም አቀፉ መዝገብ ለመጥፋት የተጋለጡ ተብለዋል። ስለዚህ ገለባው ላይ ሺህ ወፍ ቢታይ እንኳ ረግረጉ ደህና ነው ማለት አይደለም። እንግዳው እየበዛ ባለቤቱ ሊያልቅ ይችላል።

የታንኳ ሠሪ ልጅ፦
እኔ ከነገደ ወይጦ ነኝ፤ ጣና ዳር በውኃው የምንኖር ሕዝብ ነን። ክርክራችሁን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ በወፍና በገበሬ መሐል ብቻ ሆኖ አገኘሁት። እኛስ?

አያቶቼ ጉማሬ ያድኑ ነበር። አባቴ ታንኳ ሠሪ ነው። እናቴ ከደንገል አገልግል እየሰፋች ነው ያሳደገችን። የእርሻ መሬት አልነበረንም፤ መሬታችን ደንገሉ ነበር። ደንገሉ ተመንጥሮ ሲታረስ ማንም መጥቶ «የእናንተ ነበር» አላለንም፤ ካሳ የሚባል ነገርም አልተነሣም። ዛሬ አባቴ አንዲት ታንኳ ለመሥራት የሚበቃ ደንገል ፍለጋ የሚሄደው ድሮ አሣ ለማጥመድ ከሚሄድበት ይርቃል። ታንኳ ደግሞ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ብዙ አይቆይም፤ ቶሎ ቶሎ ሌላ መሥራት ያስፈልጋል። ደንገል ከሌለ ሥራው አለቀ ማለት ነው።

አሣውንም ልንገራችሁ። ክረምት አምባዛውና ቆረሶው ከጣና ወጥቶ በርብ አድርጎ ሸሸርና ወላላ ይገባ ነበር። አምባዛው እንቁላሉን ሣሩ ውስጥ ይጥላል። ጫጩቱ እዚያ ሞቅ ባለው ውኃ ያድግና ጎርፉ ሲመለስ አብሮ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። አሁን በወንዙ ዳር የአፈር ክትር ተሠርቷል፤ ውኃውም አሣውም እንደ ልብ አይገባም። ገብቶ የቀረውን ደግሞ ሞተሩ ውኃውን ሲጨርስበት ከጭቃ ላይ ይለቅሙታል። በየቤቱ አሣ ሲጠበስ አየሁ፣ ሕፃናቱ ደስ ብሏቸው። እኔ ግን ያ የሚጠበሰው የመጪው ዓመት መረባችን መሆኑን ስለማውቅ አልበላሁም።

የሊቦ ልጅ፦
ክትሩን ስትወቅሱ ነሐሴ 1998ን አስታውሱ። ርብ ጥሶ የወጣ ጊዜ ሺዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። እኛ ቤት ሁለት ላም ወሰደ፤ እኔ ዛፍ ላይ ነው ያደርኩት። ለአሣ ተብሎ ክትሩ ይፍረስ የሚል ሰው ያችን ሌሊት አላየም።

የባዮሎጂ መምህር፦
ወንድሜ፣ ያየኸው አይደገም። ክትሩ ይፍረስ ያለ የለም። ግን ጎርፍ አንድ ቦታ መተኛት አለበት። ድሮ የሚተኛው ሸሸርና ወላላ ላይ ነበር። ማረፊያውን በክትር ስንዘጋበት ውኃው አልጠፋም፤ ከፍ ብሎና ፈጥኖ ወደሚቀጥለው መንደር ነው የሚሄደው። በሰዎች ቤት በኩል ክትሩ ይጠንክር፤ በረግረጉ በኩል ግን ውኃና አሣ የሚያስገባ በር ይኑረው። ይህ የማይቻል ሥራ አይደለም።

ውኃ መሐንዲሷ፦
እኔን የሚያሳስበኝ ሁሉም ጣት ወደ ገበሬው መቀሰሩ ነው። ሐይቁን ከላይ ማን ነካው? የዓባይ መውጫ ላይ የጨረጨራ ግድብ በ1988 ከተሠራ በኋላ የጣና ውኃ ከፍና ዝቅ የሚለው በዝናቡ ብቻ አይደለም፤ በመብራቱም ፍላጎት ነው። በ1995 ሐይቁ በጣም ወርዶ ጀልባዎች መንቀሳቀስ አቅቷቸው ነበር። በዚያን ጊዜ ነው ውኃው የሸሸበት ዳርቻ የታረሰው፤ ደንገሉም አብሮ የተመነጠረው። ውኃው ሲመለስ ደንገሉ አልተመለሰም። ከግንቦት 2002 ጀምሮ ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ አለ፤ 460 ሜጋ ዋት ለማመንጨት ከሐይቁ ውኃ ይወስዳል። በ2004 መጤው አረም እምቦጩ ከመገጭ ወንዝ አፍ ተነሣ። ይህ ሁሉ ሲሆን የፎገራ ገበሬ ማንም አላማከረውም።

አንድ ነገር ግን ለባለሩዙም እላለሁ። የ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 በ2016 በሌላ እስኪተካ ድረስ የረግረግ ብዝኃ ሕይወት ተጠብቆ ጥቅም ላይ እንዲውል ይል ነበር። መጠቀምን አልከለከለም፤ ማድረቅንም አልፈቀደም። ጣናና ዙሪያው በ2007 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሥፍራ ተብሎ ሲመዘገብ ሁላችንም ተደስተናል፤ እኔ ራሴ አጨብጭቤያለሁ። ምዝገባው ሸሸር ላይ የሚሠራውን አንድ ሞተር እንኳ አላስቆመም።

እማማ (የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ)፦
እኔ ስለ ወፉ ብዙ አላውቅም፤ የማውቀው ላም ነው። የፎገራ ላም የምትሏት፣ ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉሯ፣ እስከ ሆዷ ውኃ ውስጥ ቆማ ነበር የምትግጥ። ጡቷ ከውኃው ሲወጣ ያብለጨልጫል። ዛሬ በረት ታስራ የሩዝ ገለባ ትበላለች፤ የልጅ ልጄ ላም ዋኝታ ግጣ ታውቃለች ስለው አያምነኝም። ጉድጓዴም ድሮ ሦስት ክንድ ገመድ ይበቃው ነበር። አሁን መጋቢት ላይ ጭቃ ነው የሚወጣው።

አንተ የናበጋው ልጅ፣ አጥር ስትል ግን አልወደድኩልህም። አጥር የመጣ ቀን ላሜም አትገባም፣ ይህ ደንገል ያለው ልጅም አይገባም። ድሮ ሽማግሌዎቹ ነበሩ የሚወስኑት። «ከብት እስከዚህ ቀን አይግባ» ሲሉ ማንም አይደፍርም። ጥበቃ አልነበረም፤ መተፋፈር ነበር። እናንተ ያንን አጥታችሁ ነው።

ባለሩዙ፦
እማማ፣ ከሁሉም የእርስዎ ቃል ነው የገባኝ። እናቴን ሰማኋት።

እውነቱን ልናገር። የሸሸር መሐል መሬት የይዞታ ደብተር የለውም፤ እኔም የለኝም። ሞተር መግዛት የቻለ ነው ወደ መሐል የገባው። እኔ ስገባ ሌላው አይቶ ገባ። አሁን ቱቦዬን በየዓመቱ አስረዝማለሁ፤ ለነዳጅ የማወጣው ሽንኩርቱን እየበላው ነው። አምና ውኃው በጥር መጨረሻ አልቆ ሽንኩርቴ ሳያብጥ ደረቀ። ስለዚህ መሐሉን ተው ብትሉኝ እንደ ድሮው አልቆጣም። ዳር ዳሩን ግን አልለቅም፤ እሱ የክረምት ሩዝ ነው፤ ውኃው በራሱ መጥቶ በራሱ የሚሄድበት።

ግን ብቻዬን አልወጣም። እኔ ስወጣ ሌላው ቱቦውን ከጨመረ ልጆቼን ነው የበደልኩት። የርብ ግድብ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል ይባላል፤ ከእሱ መስኖ መሬት ሲከፋፈል መሐሉን የለቀቀ ሰው ቀድሞ ይድረሰው። ይህን በአፍ ሳይሆን በጽሑፍ የሚሰጠን ካለ እኔ የመጀመሪያው ሆኜ ሞተሬን አወጣለሁ።

የናበጋ ልጅ፦
ጋሼ፣ «እርሻው ይውጣ» ያልኩትን አነሣለሁ። ሩዙ ከውኃው ጋር ይኖራል፤ መሐሉን የሚያደርቀው ሞተሩ ነው። ይህን ለይቼ አላየሁም ነበር። አጥሩንም ትቻለሁ፤ እማማ ትክክል ናቸው። አሁን የምጠይቀው፣ ሞተር የማይነካው መሐል የቱ ጋ ይጀምር? የሚያውቀው እርስዎ ነዎት።

ባለሩዙ፦
ከአሮጌው ሾላ ወዲያ ያለው። ድሮ ላም ቆማ የማትደርስበት ነበር፤ መዋኘት ነበረባት። እሱ ከተያዘ ውኃው ቢያንስ መጋቢትን ይሻገራል። ከእሁዱ ሰንበቴ በኋላ ለሰዎቹ አነሣዋለሁ። ስምንት ሞተር ነው ያለው፤ አምስቱ ባለቤቶች የማኅበራችን አባላት ናቸው።

የታንኳ ሠሪ ልጅ፦
ጋሼ፣ ስለተናገሩት አመሰግናለሁ። ግን ሰንበቴው የእናንተ ነው፤ እኛ ሙስሊሞች ነን። እዚያ ተወስኖ የሚነገረን ከሆነ ደንገሉ ሲመነጠር እንደሆነው መሆኑ ነው። ሌላ ቦታ ይሁንና እንጠራ። አባቴ ደንገል እንዴት እንደሚተከል ያውቃል፤ ሥሩን ቆርጦ በጭቃው ላይ ይቀብረዋል። ቦታው ከተሰጠን ሌሎችንም ይዞ ይመጣል።

ባለሩዙ፦
እውነትህን ነው፤ አላሰብኩበትም። እንግዲያው ሾላው ሥር ይሁን፣ ሰኞ ጠዋት። አባትህን ይዘህ ና። እማማንም የሚያመጣ ሰው እልካለሁ፤ ውኃው ድሮ እስከየት ይደርስ እንደነበር ያሳዩናል።