የኬንትሮስ ስሌቴና የጥላው ሰዓት ለምን አልተገጣጠሙም?

ጤና ይስጥልኝ። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ለተማሪዎቼ የኬንትሮስን ትርጉም በተግባር ላሳይ ብዬ አንድ ቦታ ላይ ተቸግሬአለሁና እርዳታችሁን በትሕትና እጠይቃለሁ።

እስከ ገባኝ ድረስ ሜሪዲያን ከሰሜን ዋልታ እስከ ደቡብ ዋልታ የሚዘረጋው መስመር ሲሆን፣ ኬንትሮስ ደግሞ ያ መስመር በ1884 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን በተደረገው ጉባኤ መነሻ እንዲሆን ከተመረጠው ከግሪንዊች መስመር በስንት ዲግሪ እንደሚርቅ የሚነግረን ልኬት ነው። ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ለእያንዳንዱ ዲግሪ 4 ደቂቃ ይደርሰዋል። የአገራችን ሰዓት የተመሠረተው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ግን ያለችው 38 ከሦስት አራተኛ ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ፣ ፀሐይ ሜሪዲያናችንን የምታቋርጠው ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ላይ መሆን ነበረበት።

የካቲት 4 ቀን በግቢያችን ሲሚንቶ ላይ አንድ ዘንግ በቱምቢ አስተካክለን አቁመን የጥላውን ጫፍ በየ3 ደቂቃው በጠመኔ ስናመለክት፣ ጥላው እጅግ ያጠረው 6 ሰዓት ከ39 ገደማ ነበር። በመለካት ስሕተት እንዳላመካኝ፣ ጥቅምት 25 ቀን በዚያው ዘንግ ያገኘነው 6 ሰዓት ከ9 ገደማ ነው። ተማሪዎቹ «ከተማዋ አልተንቀሳቀሰች፣ ታዲያ ኬንትሮሷ ተለወጠ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው።

ይህ የግማሽ ሰዓት ልዩነት ከምድር ምሕዋር የሚመጣ ከሆነ፣ ለልጆች በሚገባ ቋንቋ እንዴት እንደሚብራራና ስሌቱን በየወሩ እንዴት ማረም እንደምችል የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።